«በሞቴ» እና የስኳር ሕመምተኛው ድርሻ

እንግዳን ከምናከብርባቸው ቃላት ሁሉ «በሞቴ» የሚለውን የሚያህል የለም። ይህን ቃል የሚናገር ሰው «እምቢ ብትለኝ የሞትሁ ያህል ነው» እያለ ጉርሻውን ያቀርባል፤ ተጋባዡም አፉን ሳይከፍት መቅረት አይሆንለትም። በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌ በሚኖሩ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ደግሞ «ወላሂ» የሚለው መሐላ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ፍቅር መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን በማዕዱ ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ የስኳር ሕመምተኛ በሆነ ጊዜ፣ የምንምልበት ሞት የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

በእነዚህ ከተሞች በዓል የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በዒድ ክርስቲያኑ ወደ ሙስሊሙ፣ በገናና በፋሲካ ሙስሊሙ ወደ ክርስቲያኑ ይሄዳል፤ በየቤቱም ሃልዋ፣ ሙሸበክ፣ ተምር፣ ሄልና ቀረፋ የገባበት የወተት ሻይ ይቀርባል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር፣ ማርን ጨምሮ፣ ከ25 ግራም ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ባይበልጥ እንደሚሻል አመልክቷል። አንድ ሰው አራት ቤት ገብቶ፣ በየቤቱ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት አንድ ስኒ ሻይ ብቻ ቢጠጣ አሥራ ሁለት ማንኪያ ይሆናል፤ ሃልዋው ገና አልተነካም። ይህም ልክ ለሕዝቡ ሁሉ የተጻፈ እንጂ ለሕመምተኛው ተለይቶ የተሰጠ አይደለም። አራቱ አስተናጋጆች ግን እያንዳንዳቸው «እኔ የሰጠሁት አንድ ስኒ ነው» ቢሉ እውነታቸውን ነው። የሁላችን የሆነው ጥፋት የማንም ሳይሆን ይቀራል።

የጾምን ሥርዓት ያወጡልን አበው ሕሙማንን አልዘነጉም። በቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛ በጾም አይገደድም፤ ቁርኣንም የታመመና መንገደኛ የሆነ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያዛውር ይፈቅዳል። እንግዲህ ከጾም ነፃ የሚያወጣ ሥርዓት በሁለቱም ወገን አለ። ከግብዣ ነፃ የሚያወጣ ሥርዓት ግን የት አለ? የማይጾመውን ሕመምተኛ ማንም አይወቅሰውም፤ የማይበላውን ግን «ቤታችንን ናቀ» እንለዋለን።

ይህን የተረዱ ቤተሰቦች ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሌላው ጠርዝ ይሄዳሉ። ልጅ በእንግዶች ፊት «እማዬ፣ ስኳርሽ!» ብላ ከእናቷ እጅ ሳህን ትነጥቃለች። ሐሳቧ ቀና ነው፤ ሆኖም ቤት ያቆመችና ልጆች ያሳደገች እናት በገዛ ማዕዷ ላይ እንደ ሕፃን ስትቆጠር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ በመሐላ፣ ሌላው በቁጥጥር፣ ሁለቱም የሕመምተኛውን ፈቃድ ይወስዳሉ። ለብቻ በተለየ ሳህን የሚቀርብ «የበሽተኛ ምግብ»ም በበዓል ቀን ሰውን ከቤተሰቡ ያገልላል። አንዲት ቁራጭ ሃልዋ መቅመስም ሆነ መተው የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ የእኛ ድርሻ እውነቱን አውቆ ሳያፍር እንዲመርጥ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ሳንናገረው የማናልፈው ነገር አለ። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበውና ግራ ቢጋባ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል፣ ይኸውም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በውኃ በጥብጦ መስጠት ያስፈልጋል፤ መዋጥ ካልቻለ ምንም ሳያቀምሱ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ስለዚህ ስኳርን ከቤት ጨርሶ ማባረር ጥበብ አይደለም።

ቀድሞ ሕክምናው ራሱ ሕመምተኛውን ከማዕድ ያርቅ ነበር። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት በዚህ ሕመም የተያዘ ልጅ ትንሽ ቀን የሚጨመርለት በረሃብ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን ሲታከም ነገሩ ተለወጠ። ሐኪሞች ወደ ማዕድ የመለሱትን ሰው እኛ በምን እንቀበለው?

በሚገባ ካሰብንበት አስቸጋሪ አይደለም፤ ራስን አለማታለል ግን ይጠይቃል። «በስኳር ፈንታ ማር አድርጌበታለሁ» የሚል ሰው ያው ስኳር ነው ያቀረበው። የደረቀ ተምርም ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ስኳር ነው። ሃልዋ ደግሞ ስኳሩ ቢቀነስለት እንኳ ስታርቹ በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ በእኛ አስተያየት ስኳር የሌለው ሃልዋ ከመድከም ይልቅ እውነተኛውን ሃልዋ የአውራ ጣት ጥፍር አሳክሎ ቆርጦ፣ ከምግብ በኋላ ለሁሉም እኩል ማቅረብ ይሻላል። ከጅጅጋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ያለችው ባቢሌ በለውዟ የታወቀች ናት፤ የተቆላ ለውዝ ግማሽ ተምር ውስጥ ከትቶ ለአንድ ሰው አንድ ማቅረብ፣ ብርቱካንና ፓፓያ ሳይጨመቅ ቆርጦ ቀረፋ መነስነስ፣ ይህ ድግስ አይደለም የሚል ማን ነው? ሻዩም ሄሉ፣ ቅርንፉዱና ቀረፋው በዝቶ፣ ስኳሩ ለብቻው በዕቃ ይቅረብ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 8፣ የሚበላው ነገር ለወንድሙ መሰናክል ከሆነ ሥጋን ለዘላለም እስከ መተው እንደሚደርስ ይናገራል። በዚያ ነገሩ የኅሊና እንጂ የጤና አልነበረም። ይሁን እንጂ ሸክሙን ከደካማው ላይ አንሥቶ በብርቱው ላይ እንዳስቀመጠ ልብ ይሏል። ብቻውን «አልፈልግም» እንዲል የሚገደደው ሕመምተኛው መሆን የለበትም።

ስለዚህም ወደየቤቱ የምትዘልቁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እኛም ካህናት፣ የመጀመሪያውን ስኒ የሚቀዳልን እኛ ነንና፣ «ለእኔ ያለ ስኳር» ብለን እንጀምር፤ ከጥግ የተቀመጡት አዛውንት ቀጥለው «ለእኔም» ለማለት አይቸገሩም።