ምጽዋት ወይስ ፍትሕ?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ፣ አሸዋማውን የደቻቱን ወንዝ በእንቅልፍ ሰዓት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጠፈ። ዝናቡን ማንም አላዘዘውም፤ በወንዝ ዳር ጎጆ የሚቀልሰው ድኻ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ስፍራ አጥቶ ነው።

እንግዲህ የኅሊና ጥያቄው ከአደጋ በኋላ ምን እንስጥ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ከአደጋ በፊት ማንን ቈጠርን የሚል ነው። መስማት ለተሳነው ደወል፣ መራመድ ለማይችል የሽሽት መንገድ ምን ይጠቅማል? ምልክቱና መንገዱ ሲወሰን እነርሱ ራሳቸው ተቀምጠው ሊመክሩ ይገባል። በሌሊት የማንን ቤት ማን እንደሚያንኳኳም አስቀድሞ ይታወቅ።

ከጎርፍ በኋላ የሚሰጥ ብርድ ልብስ ምጽዋት ነው፤ ከጎርፍ በፊት በምክር ሸንጎ የሚሰጥ ስፍራ ግን ፍትሕ ነው። ምጽዋትም፣ ምንም ያህል ቢበዛ፣ የፍትሕን ዕዳ አይከፍልም።