የዘበኛው ካፖርት

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ምዕራብ ዓባያን በሙዟ ያስታውሳታል። በስተግራ የዓባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ተኝቷል፤ በስተቀኝ የጋሞ ተራሮች ደመና ለብሰው ይታያሉ፤ በመካከሉ መንገዱን ተከትሎ ሙዝ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከሚበላው ሙዝ ከፊሉ የሚጫነው ከዚሁ አካባቢ ነው። በወረዳዋ ዋና ከተማ በብርብር አንድ ሌሊት አድሬ ያየሁት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ለአንባቢ ላካፍለው ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አመሻሹ ላይ፣ ሙዝ ተሰብስቦ መኪና በሚጠብቅበት አንድ ግቢ በር ላይ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው የምለው ልጅ ሁለት እጁን በገመድ ታስሮ ከበሩ ብረት ጋር ተጠፍሯል። ጥፋቱ አንድ ዘለላ ሙዝ ነው። ያሰረው የአንድ የግል ጥበቃ ድርጅት መለያ ልብስ የለበሰ፣ ወደ ኀምሳ ዓመት የሚጠጋ ዘበኛ ነው። ይበልጥ ዐይኔን የያዘው ግን ገመዱ አልነበረም። ልጁ ትከሻው ላይ ትልቅ ካፖርት ደርቧል። ካፖርቱ የዘበኛው ነው።

«ጋሼ፣ ለምን አሰሩት?» አልኋቸው።

«አለቃ ጧት እስኪመጣ ነው።»

«ፖሊስ ጣቢያ አለ አይደለም እንዴ?»

«ጣቢያ ልውሰደው ብል በሩን ማን ይጠብቃል? ለቅቄው ባድር ደግሞ ሙዙ የሚቆረጠው ከኔው ደመወዝ ነው። ወንድሜ፣ አንተ ትከፍልልኛለህ?»

ከፈልሁ። ልጁ እጁ እንደተፈታ ካፖርቱን እዚያው ጥሎ በጨለማው ውስጥ ጠፋ። ሽማግሌው ካፖርቱን አራግፈው ለበሱና ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። እኔም መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ሄጄ ተኛሁ። ጧት ስነቃ ግን ሐሳቡ ተገላበጠብኝ። የልጁን ነፃነት ገዛሁለት እንጂ መብቱን አላስከበርሁለትም። በገንዘብ የተገዛ ነገር ደግሞ ነገ ገዢ ያጣል።

ለመሆኑ ሰውየው ማሰር ይችሉ ነበር? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ማንም ሰው እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት ይላል። እንግዲህ መያዝ እንጂ ማሳደር፣ ማስረከብ እንጂ መቅጣት አልተፈቀደም። ዘበኛ ከማናችንም የበለጠ ሥልጣን የለውም። መለያ ልብሱ ግን ያለው ያስመስለዋል፤ እርሱንም እኛንም ያታልላል።

አንድ የሕግ ተማሪ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ሰብዓዊ መብት የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የግል ድርጅት ምን አገባው?» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ግን ሕገ መንግሥቱን የማክበር ግዴታ የመንግሥት አካላት ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ዜጋና የማኅበራትም ነው ይላል። በተባበሩት መንግሥታት በኩልም እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቁት መርሆዎች መንግሥት መብትን ይጠብቃል፣ ድርጅት ደግሞ ያከብራል ብለው ኃላፊነቱን ለሁለቱም ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዠኔቭ ላይ 58 የጥበቃ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ ፈርመዋል። ለዚህ ሁሉ ያበቃው ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባግዳድ ውስጥ ብላክዋተር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጠባቂዎች አደባባይ ላይ ተኩሰው 17 ሰላማዊ ሰዎች ገድለዋል። አራቱ በ2014 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ2020 ፕሬዚዳንቱ ምሕረት አደረጉላቸው። የብርብሩ ገመድና የባግዳዱ ጥይት አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ንብረት ወይም ሹም እንዲጠብቅ የተቀጠረ ሰው ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው እንደ ዕቃ ጠላት ብቻ ማየት ሲጀምር ግን መንገዱ ያው ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ እርሳቸው ናቸውና። ቆሎውን እየቆረጠምን እንደነገሩኝ ጧት 12 ሰዓት ገብተው በማግሥቱ 12 ሰዓት ይወጣሉ። አንድ ቀን ሠርተው አንድ ቀን ያርፋሉ። ሲሰሙት ግማሽ በግማሽ ስለሆነ የደላው ሥራ ይመስላል። ሒሳቡን አንባቢ አብሮኝ ይሥራው፤ በሳምንት በአማካይ 84 ሰዓት ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ የሥራ ሳምንትን በ48 ሰዓት ወስኗል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ከልክሏል። የሽማግሌው ትርፍ 36 ሰዓት ነው፤ የሕጉ ሦስት እጥፍ። የሌሊት ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩልና ሩብ ተባዝቶ ይከፈላል የሚለውን ሳነሣባቸው ሳቁ። የጠፋ ዕቃ ዋጋ ከደመወዛቸው ይቆረጣል። አዋጁ ግን ካለ ሕግ፣ ካለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ካለ ኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር መቁረጥን አይፈቅድም፤ ሲቆረጥም ከወር ደመወዝ ሢሶ አይበልጥም።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። መብቱ ያልተከበረለትን ሰው የሌላውን መብት አክብር ማለት ይቻላል? ጥያቄው ወዲህ ነው። «አይቻልም» ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። ግን ልጁስ ምን በደለ? ሽማግሌውን 84 ሰዓት ያቆማቸው ልጁ አይደለም። የተበደለ ሰው ዕዳውን ከደካማው ላይ እንዲያወራርድ ከፈቀድንለት፣ ልጁም ነገ ከእርሱ ከሚያንሰው ላይ ያወራርዳል።

ስለዚህ ሽማግሌው ተጠያቂ ናቸው። ብቻቸውን ግን አይደሉም፤ የመጀመሪያውም አይደሉም። የጥበቃ ድርጅት የሚሸጠው ምንድን ነው? ደንበኛው በሰላም መተኛቱን ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንዲሉ፣ ነጋዴው ሙዙን አስቀምጦ ቤቱ ይተኛል። ሽማግሌው እንደነገሩኝ አለቃቸው የሚጠይቃቸው የጠፋ ዕቃ አለ ወይ ብሎ ነው፤ የታሰረ ወይም የተመታ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። እንዲህ ባለ ቤት የተቀጠረ ሰው ገመድ ማንሣቱ ምን ይደንቃል? የሚደንቀኝስ ካፖርቱ ነው። ካፖርቱን አልብስ ብሎ ያዘዘ ደንብ የለም፤ ደመወዝም አይከፈልበትም።

በነገራችን ላይ ቃላቱም ታሪክ አላቸው። ዘበኛ በንጉሡ ዘመን «ክቡር» የሚል ቅጽል ያለው የጦር ሠራዊት ስም ነበር። ዛሬ ስድብ ስለመሰለ «ጥበቃ» እንላለን። «ጥበቃ» ደግሞ በደርግ ጊዜ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበረ፤ በቀይ ሽብር ዓመታት ሰው ከቤቱ እየወሰደ ያሰረና የገደለ ነው። እኔ አልደረስሁበትም፤ እናቴ ግን ቃሉን ስትሰማ ዛሬም ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

ያቺ ምድር ለጥያቄዬ ሌላም ምስክር አላት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በተፈጸመው ግድያ ብዙ የጋሞ ተወላጆች አለቁ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ የኦሮሞ ተወላጆችን ንብረት ሊያጠቃ ተነሣ። የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ሣሩን መሻገር ነውር ነውና ወጣቱ ተመለሰ። እነዚያ ሽማግሌዎች የገዛ ልጆቻቸው የሞቱባቸው፣ የተበደሉ ሰዎች ነበሩ፤ የሌላውን ንብረት ግን ያለ ገመድ፣ ያለ ደመወዝ ጠበቁ። እንግዲህ ይቻላል ማለት ነው።

ይሁንና ቸኩዬ በብርብሩ ሽማግሌ ላይ አልፈርድም። እነዚያ ሲንበረከኩ ከኋላቸው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበት ዱቡሻ ነበራቸው፤ ቃላቸው ክብር ነበረው፤ ብቻቸውንም አልነበሩም። የኔው ሽማግሌ ከጧት ጀምሮ በር ላይ ብቻቸውን ናቸው፤ ቢንበረከኩም የሚያይላቸው የለም። ምናልባትም ዕድሜያቸው ዱቡሻ ላይ የሚያስከብራቸውን ሰው፣ በመለያ ልብሱ ውስጥ ስላገኘናቸው «አንተ ዘበኛ!» እያልን እንጠራቸዋለን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ አውቶቡሱ ብርብር ላይ ሲቆም ሮጥ ብዬ ወደ ግቢው ሄድሁ። በሩ ላይ ያንኑ መለያ የለበሰ ወጣት ቆሟል። ሽማግሌውን ጠየቅሁት።

«ተቀይረዋል» አለኝ።

«የት?»

አላወቀም። አንድ ዘለላ ሙዝ ጎድሎ ተገኝቶ ነው ሲባል መስማቱን ብቻ ነገረኝ። የከፈልሁትን ገንዘብ አስታወስሁ፤ ለማን እንደደረሰ ግን የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ገመዱ በሩ ላይ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።