አስቀድሞ ያወቀ ሰው ዕዳ

አንድ ሰው ሊመጣ ያለውን ጥፋት አስቀድሞ ቢያውቅ፥ ዕውቀቱ የግል ሀብቱ ነውን? ወይስ ጥፋቱ ለሚደርስበት ሰው ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ ነው? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚቀርብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከደጋው ወደ መተማ ቆላ በየዓመቱ ለሥራ የሚወርዱትን ወጣቶች ለሚያውቅ ካህንም ሆነ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ጥያቄው እደጁ ያለ ነው።

አስቀድመን ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 26 ቀን 2004 በሕንድ ውቅያኖስ ሥር ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በተነሣ ጊዜ፥ በሐዋይ ያለው የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ማእከል ነገሩን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በመሣሪያው ተረድቶት ነበር። ማእከሉ የተቋቋመው ግን ለሰላማዊ ውቅያኖስ አገሮች ስለ ነበር፥ ለሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ሕዝብ መልእክት የሚያደርስበት የተዘጋጀ መንገድ አልነበረውም። ማዕበሉ ስሪላንካ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ወስዶበታል፤ በዚያች ደሴት ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ። ማንም ክፉ አላሰበም። የጎደለው አስቀድሞ ሊሠራ ይገባ የነበረው የጉርብትና ሥራ ነው። በተከታዩ ወር መንግሥታት በጃፓን ኮቤ ከተማ ተሰብስበው አደጋን አስቀድሞ ስለ መቀነስ ተስማሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በሴንዳይ የተደረገው ስምምነት ደግሞ ከጎርፍና ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ተላላፊ በሽታን ጭምር ከአደጋዎች ቆጠረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የመተማ ዮሐንስ ስም በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከወደቁበት ጦርነት ጋር ተያይዞ ይታወሳል። የድንበር ከተማ ናትና ከማዶዋ ካለችው ጋላባት ጋር በሰላሙም በጠቡም ዘመን ስትገናኝ ኖራለች። በዚህ ቆላ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ሳሉግ ይባላል። ሳሉጉ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ያድራል፤ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ከምሽት እስከ ንጋት ትነድፈዋለች፥ ካላዛር የተባለውንም በሽታ ታስተላልፍበታለች። ሕክምና ካላገኘ ይህ በሽታ በአብዛኛው ይገድላል፤ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ያለበትን ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጸናበታል። በሽታው በቆላ ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በደጋው በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሲነሣ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር፤ ተመራማሪዎችም ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያውቁት እንዳመጡት ገምተዋል።

ታዲያ ይህን በሽታ ማን ሊመክተው ይችላል? ዝንቢቱ የይለፍ ወረቀት አትጠይቅም፤ ሕመምተኛው በገዳሪፍም በመተማም ያው ሕመምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ፥ የሱዳንና የኬንያ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች፥ ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር፥ በካርቱም ተሰብስበው የምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር ኅብረት አቋቋሙ። ጎንደርና አርባ ምንጭም ሙከራው ከተካሄደባቸው ቦታዎች መካከል ነበሩ። ቀድሞ ሕመምተኛው 30 ቀን ሙሉ በየዕለቱ መርፌ ይወጋ ነበር። ኅብረቱ ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ በመሞከር በ17 ቀን ሊታከም እንደሚችል አሳየ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። የቀን ሙያተኛ ለሆነ ሰው አሥራ ሦስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። አንዱ አገር ብቻውን ቢሞክረው ኖሮ በቂ ሕመምተኛ አግኝቶ እርግጠኛ መልስ ላይ ለመድረስ እጅግ ይቸገር ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፥ «መዓት ከእግዚአብሔር ነው፤ አስቀድሞ ለማወቅ መጣር እምነት ማጣት አይሆንምን?» የሚል ነው። ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱን የረኃብ ዓመታት አስቀድሞ ባወቀ ጊዜ ግን ጎተራ አሠራ እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ከጎተራውም ከሌላ አገር የመጡት፥ የሸጡት ወንድሞቹ እንኳ፥ በሉ። ቅዱስ ቶማስ አኵናስም አርቆ ማየትን ከአስተዋይነት ዋነኛ ክፍሎች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል፤ ሰው ለራሱና ለሌላው አስቀድሞ ሲያስብ የእግዚአብሔር መግቦት ተካፋይ እንደሚሆን ያስተምራል። እንግዲህ ጸሎትና አጎበር አይጣሉም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ «ከማዶ ካለው ጋር በድንበር እየተካሰስን ዕውቀታችንን ለምን እንሰጠዋለን?» ይላል። ይህ ባዶ ቃል አይደለም፤ በምዕራብ ጎንደር ድንበር ያለው ገበሬ ምሬት አለው፥ ልናቃልለውም አይገባም። ሆኖም የመሬት ክርክርና የሕይወት ማስጠንቀቂያ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የጓንግ ወንዝ ከእኛ ደጋ ተነሥቶ በመተማ በኩል አልፎ በሱዳን አትባራ ይባላል። ላይ የዘነበውን የሚያውቅ ሰው ታች ላለው እናትና ሕፃን ዝም ቢል፥ የሚቀጣው ከተከራከረው መንግሥት ይልቅ እነርሱን ነው። በአዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ ናይል ቴክኒካዊ ጽሕፈት ቤት በክረምት የጎርፍ ትንበያ ሲያወጣ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ደግሞስ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጦርነት የሸሹት ሱዳናውያን በመተማ በኩል ሲገቡ ከእኛ ጋር አንድ ውኃ መጠጣት ጀመሩ፤ ጤናቸው ጤናችን ሆነ።

በእኔ ግምት ግን ዕዳው እጅግ የሚከብደው በሳይንቲስቱ ላይ አይደለም፤ እርሱ በአብዛኛው ያወቀውን ጽፎ ያወጣል። የሚከብደው በመካከል ባለው ሰው ላይ ነው። የእርሻው ባለቤት ስለ ዝንቢቱ ያውቃል፤ ቢናገር ሠራተኛው እንዳይሸሽበት፥ አጎበር ቢገዛ ወጪው እንዳይበዛበት ይሰጋል። በማጉደል የሚሠራ ኃጢአት ብለን በንስሐ የምናስተምረው ይህን የመሰለውን ነው፤ ማንንም ሳይመታ፥ ማንንም ሳይሰርቅ ወንድሙን ያስቀብራል። የደጋ ቍምስና መምህራንስ? ወጣቶቹ ሲወርዱ ይሸኛሉ፥ ሲመለሱም የሚያዩዋቸው ቀድመው ናቸው። ከቆላ የተመለሰ ወጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ቢያተኩሰው፥ ቢከሳና በግራ ጎኑ ጣፊያው ቢያብጥ፥ የወባ መድኃኒትም ባያሽለው፥ ካላዛር ሊሆን ይችላልና ምርመራ ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ሳይዘገይ ይላክ፤ በጎንደር ሆስፒታል ምርመራውም ሕክምናውም ይገኛል።