ዝምታ እሺታ ነውን?

አንዲት ሸክላ ሠሪ ጀበና ሠርታ ለገበያ ታወጣለች። ገዢዋ ይዛው ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ አንገቱ ይሰበር፥ እጀታው ይላቀቅ፥ ወይም ለዓመታት ይሰንብት፥ ሠሪዋ አታውቅም። ማወቁን ግን ትሻለች፤ የሚመጣውን ጀበና አሻሽላ ለመሥራት ይረዳታልና። በሚቀጥለው ገበያ ገዢዋን ስታገኝ «ጀበናዬ እንዴት ሆነልሽ?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ፥ ተከትላት ሄዳ ጓዳዋ ውስጥ አትደበቅም።

ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። በተለምዶ ዳታቤዝ የሚባለው የመረጃ ቋት የመሥሪያ ቤትን መዝገብ፥ የሕሙማንን ካርድ፥ የባንክን ሒሳብ፥ የተማሪዎችን ውጤት የሚይዝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ሠሪዎቹ ፕሮግራሙ በስንት መሣሪያ ላይ እንደሚሠራ፥ ከክፍሎቹም የትኛው እንደሚዘወተርና የትኛው ያለ ሥራ እንደ ተቀመጠ ለማወቅ ይፈልጋሉ። ይህን ሳያውቁ ቢቀሩ፥ ማንም የማይነካውን ክፍል ሲያድሱ ብዙ ሰው የሚቸገርበትን ሊተዉት ይችላሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ ስለ አጠቃቀሙ ቍጥር እየሰበሰበ በኢንተርኔት እንዲልክላቸው ያደርጋሉ። ጥያቄው፥ ይህ ሪፖርት ባለመሣሪያው ካልከለከለ በቀር ይላክ ወይስ ካልፈቀደ በቀር አይላክ የሚለው ነው።

ሁለቱ አነጋገሮች ለጆሮ ቢቀራረቡም በውጤታቸው እጅግ ይራራቃሉ። ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ከሞት በኋላ የአካል ክፍልን ለሕሙማን ስለ መለገስ ጽፈው ነበር። በጀርመን፥ ሰው ፈቃዱን ካልገለጸ በቀር ለጋሽ በማይባልበት አገር፥ ፈቃደኞቹ ከመቶ 12 ብቻ ነበሩ። በጎረቤቷ በኦስትሪያ፥ ያልተቃወመ ሁሉ እንደ ፈቀደ በሚቈጠርበት አገር፥ ከመቶ 99.98 ሆነው ተገኙ። ኦስትሪያውያን ከጀርመናውያን ስምንት እጥፍ ቸሮች ናቸው ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስለንም። ልዩነቱን ያመጣው ዝም ያለው ሰው በየትኛው ወገን እንደ ተቈጠረ ነው።

ዝም ካሉትም አንዳንዱ ወዶ፥ አንዳንዱ ጥያቄ መኖሩን ሳያውቅ፥ አንዳንዱም ሥራ በዝቶበት ዝም ብሏል። ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «እሺ» ብሎ መመዝገብ ሰውን ባልዋለበት ማዋል ነው። የአካል ልገሳ የሰው ነፍስ የሚድንበት ነገር ስለ ሆነ ሌላ ክርክር ሊነሣበት ይችላል፤ የአንድ ፕሮግራም መሻሻል ግን ያን ያህል ክብደት የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2019 በሰጠው ውሳኔ፥ ባለቤቱ ሳይነካው አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን የፈቃድ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ወስኗል።

ለምሳሌ ያህል ማሪያ ዲቢን እንውሰድ። ይህ የመረጃ ቋት በ2009 ከማይ ኤስ ኪው ኤል ተለይቶ የወጣ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከመሥራቹ ከሚካኤል ዊዴኒየስ ታናሽ ሴት ልጅ ነው። ስለ አጠቃቀሙ ሪፖርት የሚልክ ፊድባክ የሚባል ተቀጽላ አለው፤ ነገር ግን ባለመሣሪያው ራሱ ካላስነሣው በቀር አይሠራም። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘን፥ የሚላከው ነገር ለባለመሣሪያው እንደ ማናቸውም ሠንጠረዥ ተዘርግቶ የሚነበብ መሆኑ ነው። ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ካልታየ፥ ፈቃዱ በባዶ ወረቀት ላይ እንደ መፈረም ይሆናል።

ይህ አሠራር ጉዳት እንዳለው አንክድም። ፈቅደው የሚልኩት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂትነታቸውም ብቻ ሳይሆን ከሌሎቹ የተለዩ መሆናቸው ያሳስባል። ፕሮግራሙን ለመማር በቤቱ የተከለ ወጣት በደስታ ሲፈቅድ፥ ብዙ ጥንቃቄ ያለበት ባንክ ዝም ይላል። ስለዚህ ሠሪው ከሚያገኘው ቍጥር ተነሥቶ «ባንኮች ይህን ክፍል አይፈልጉትም» ቢል ይሳሳታል። ሳይጠየቅ የተወሰደው ቍጥር የበለጠ የተሟላ እንደሚሆን እናምናለን። ሆኖም ለመሟላቱ ሲባል የሌላውን ሰው ቃል መውሰድ ለሠሪው አልተሰጠም፤ ጎዶሎውን ቍጥር ጎዶሎ መሆኑን እየተናገረ ይጠቀምበት።

ከዚህ የሚከብደው ግን ፈቃጁ ማን ነው የሚለው ነው። መሣሪያውን የሚጠብቀው ባለሙያ የመዝገቡ ጠባቂ እንጂ በመዝገቡ ውስጥ የተጻፉት ሰዎች ወኪል አይደለም። አንድም የሰው ስም ሳይላክ የሠንጠረዡ ስም ብቻ ምሥጢር ሊያወጣ ይችላል፤ «ደመወዛቸው የታገደ» የሚል ሠንጠረዥ ያለው መሥሪያ ቤት በውስጡ ምን እንዳለ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ስለዚህ ሪፖርቱ ስም እየጠራ ሳይሆን ስንት እንደ ሆነ ብቻ እየቈጠረ መሄድ ይገባዋል። ፕሮግራሙ ሲታደስ የሚላከው ነገር ከጨመረም፥ የትናንቱ እሺታ ለትናንቱ ዝርዝር የተሰጠ ነውና እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኛ ተጠቃሚዎችስ? ማሪያ ዲቢን የመሰለውን ፕሮግራም ያለ ዋጋ ወስደን በየቢሮአችን እንሠራበታለን። ሠሪው በትሕትና ሲጠይቀን ግን ጥያቄውን ሳናነብ ወደሚቀጥለው ገጽ እናልፋለን፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆችም ይህን ያደረግንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እምቢ ማለት መብታችን ነበር፤ እኛ ግን እምቢም አላልንም።