በእሳት ፊት ማዘዝና መታዘዝ

የሰደድ እሳት ተከላካይ ቡድን ግንባር ቀደም አባል ከቡድኑ ጋር እየቆፈረ ቡድኑን የሚመራ ሰው ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች እሳቱ የሚበረታው በበጋቸው ወራት ስለሆነ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የሚቀጠሩት ለወቅቱ ብቻ ነው፤ በፌዴራል መንግሥቱ ደንብ የጊዜያዊው ቅጥር መደበኛ ሰዓት ከ1,039 እንዳያልፍ ተገድቦ ቆይቷል። ሆትሾት የሚባለው፣ መኪና የማይደርስበት ገደል ድረስ በእግሩ የሚገባው ቡድን 20 ያህል ሰው ይይዛል። የበላይ አለቃ አለው፣ ምክትሎች አሉት፤ ከእነርሱ በታች ደግሞ ከ3 እስከ 7 ሰው የሚመሩ የጓድ መሪዎች አሉ። እነዚህ መሪዎች ከሚመሩት ሰው ጋር አንድ ቦታ ይተኛሉ፣ አንድ ምግብ ይበላሉ፣ አንድ ጭስ ይተነፍሳሉ።

አማርኛ ለእንዲህ ያለ ሰው የቆየ ስም አለው፤ የጎበዝ አለቃ። የጎበዝ አለቃ በደብዳቤ የሚሾም አይደለም፤ በክፉ ቀን እኩዮቹ «ቅደምልን» የሚሉት ሰው ነው። የሆትሾቱ ጓድ መሪ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ሹመቱ ከላይ ይሰጠዋል፣ ተሰሚነቱን ግን የሚያገኘው ከጎኑ ካሉት ነው። የሥራው የሥነ ምግባር ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ነው። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላውን ልጅ «ተከተለኝ» ብሎ እሳት ወዳለበት ለማዘዝ የሚያበቃ መብት ከየት ይመጣል? ልጁስ እሺ የማለት ግዴታው እስከ ምን ድረስ ነው?

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ሰደድ እሳት የሚጠፋው በውሃ ይመስለዋል። ተራራው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለም። የሚሠራው ሥራ እሳቱን ምግብ መንሣት ነው። የሞተር መጋዝ የያዙት ቁጥቋጦውን እየጣሉ ይቀድማሉ፤ ሌሎቹ በሰውና በሰው መካከል 3 ሜትር ያህል ትተው እየተከተሉ ቅጠሉን፣ ሣሩንና ሥሩን ንጹሕ አፈር እስኪታይ ድረስ ይፍቃሉ። አንድ ፈረቃ እስከ 16 ሰዓት ይደርሳል፤ አንድ ስምሪት 14 ቀን ነው።

እሳቱ ሲረግብ ደግሞ ዳሰሳው ይጀመራል። ሠራተኛው ጓንቱን አውልቆ ይንበረከካል። የእጁን ጀርባ ከአመዱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳልፋል፤ ወላፈን ካልመታው ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ጣቶቹን ከጉቶው ሥር ያስገባል። ረመጥ ከአመድ ሥር ለቀናት ተኝቶ ነፋስ ሲነሣ ብድግ ይላልና «ቀዝቅዟል» የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። ጓድ መሪው ያንን ቃል ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ እርሱም ጓንቱን አውልቆ እዚያው ይንበረከካል። ሰዎቹ መሪያቸውን የሚያውቁት በእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። የሌላውን ቃል እንዴት እንደሚመረምር፣ ሲሳሳት እንደሚያምን ወይም እንደሚሸሽግ፣ ሲደክመው በማን ላይ እንደሚቆጣ አንድ በአንድ ያያሉ። በኋላ ጭሱ ሲዞርባቸው «ሩጡ» ወይም «ቁሙ» ሲላቸው የሚመዝኑት ትእዛዙን ብቻ አይደለም፤ እነዚያን ቀናት ሁሉ ነው።

ጥያቄው በግልጽ ከታየባቸው አጋጣሚዎች ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተቃራኒ ናቸው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1910 የሆነ ነው። በዚያን ቀንና በማግስቱ በአይዳሆና በሞንታና የተነሣው እሳት 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ፈጅቷል። ኤድ ፑላስኪ የሚባል የደን ጠባቂ በዋላስ ከተማ አቅራቢያ 45 ያህል ሰዎች ይዞ በእሳት ተከበበ። ሰዎቹን ወደ አንድ የማዕድን ዋሻ አስገባቸው፤ የዋሻውን አፍ በረጠበ ብርድ ልብስ ከለለ። ጭሱ ሲያፍናቸው ሰዎቹ ተነሥተው ለመውጣት ታገሉ። ፑላስኪ ሽጉጡን አውጥቶ ቀድሞ የሚወጣውን እንደሚተኩስበት ነገራቸው። ሁሉም ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ጥቂቶቹ እዚያው ሞቱ፣ አብዛኞቹ ግን ሲነጋ በሕይወት ወጡ። ከአንዱ ጎን መጥረቢያ ከሌላው ጎን ዶማ ያለው የዛሬው ዋና መሣሪያ የሚጠራው በዚህ ሰው ስም ነው።

ሁለተኛው የሞንታናው ማን ገልች ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1949። 15 ዘላዮች በፓራሹት ወረዱ፤ መሬት ላይ አንድ የእሳት ጠባቂ ተቀላቀላቸው። መሪያቸው ዋግነር ዶጅ ነበር። እሳቱ ከሸለቆው ማዶ ተሻግሮ ወደ ሚዙሪ ወንዝ የሚወስደውን መንገድ ዘጋባቸውና ፊታቸውን መልሰው ዳገቱን ወጡ። ዶጅ ከባድ መሣሪያቸውን እንዲጥሉ አዘዘ። እሳቱ ሊደርስባቸው ጥቂት ሲቀረው ቆመና ክብሪት ጭሮ ከፊቱ ያለውን ደረቅ ሣር ለኮሰ፤ ሣሩ ተቃጥሎ ባለቀበት መሬት ላይ እንዲገቡ ተጣራ። ማንም አልገባም። እርሱ አመዱ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተረፈ፤ ሁለት ወጣቶች የሸንተረሩን የድንጋይ ስንጥቅ አልፈው ተረፉ፤ 13ቱ ሞቱ።

ዶጅ ያደረገው ሰዎቹ በየቀኑ ከሚሠሩት ሥራ የተለየ አልነበረም፤ እሳቱን ምግብ ነሣው። በዶማ የሚያውቁትን በክብሪት ሲያዩት ግን አላወቁትም። እሳት ሊበላቸው ሲመጣ መሪያቸው ሌላ እሳት ሲለኩስ ያዩ ሰዎች አእምሮውን ስቷል ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም፤ ከተረፉት አንዱ እንዲህ መስሎት እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ብዙዎቹ ከዶጅ ጋር ከዚያ በፊት አብረው አልሠሩም፤ ሰዎቹ የተሰበሰቡት በተራ ነበር። የድርጅት ሥነ ልቡና ተመራማሪው ካርል ዋይክ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት የዚያን ቀን መጀመሪያ የፈረሰው ቡድኑ ራሱ እንደሆነ ያስረዳል፤ መሣሪያህን ጣል የተባለ እሳት ተከላካይ ማን መሆኑ ይጠፋበታል።

በሁለቱ ታሪኮች መሪው ትክክል ነበር። ፑላስኪ በጉልበት አዘዘና ተሳካለት፤ ዶጅ በቃል አዘዘና አልተሰማም። ከዚህ ተነሥቶ በእሳት ፊት ሽጉጥ ይሻላል ማለት ግን ስሕተት ነው። የፑላስኪ ሰዎች ለመውጣት የታገሉት አመዛዝነው አይደለም፤ ትንፋሽ ያጣ ሰው ወደ አየር እንደሚሮጥ ሮጡ። ድንጋጤ ሕሊና አይደለም፤ የደነገጠን ሰው መያዝ ፈቃዱን ከመንጠቅ ይለያል። ደግሞም ፑላስኪ የቆመው ሙቀቱ በሚብስበት በዋሻው አፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑም ሳንባውም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ያዘዘው ሁሉ በራሱ ላይም ይሠራ ነበር። ይህ ካልነበረ ሽጉጡን የሚያጸድቅ ነገር አይገኝም።

የማን ገልች ሰዎች ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። እነርሱ የሚያዩትን አይተው፣ የሚያውቁትን አስበው ነው የወሰኑት። ትእዛዙ ትክክል መሆኑን ለማጣራት ጊዜው አልነበረም፤ መቀበል የሚቻለው ሰውየውን በማመን ብቻ ነበር። አማርኛ እዚህ ላይ የሚረዳ ነገር አለው፤ «አማኝ»ና «ታማኝ» የሚወጡት ከአንድ ሥር ነው። አማኝ ያለ ታማኝ አይቆምም። ታማኝነት ደግሞ በአንድ ደቂቃ ጩኸት የሚፈጠር ነገር አይደለም፤ አስቀድሞ፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ አመድ ሲዳሰስ፣ ውሃ ሲከፋፈል የተጠራቀመ ነው። የጓድ መሪው የማዘዝ መብት ከሹመት ደብዳቤው ይልቅ ከዚህ ይመነጫል፤ በዚያ ቀን ዶጅ የጎደለው ዕውቀትም ድፍረትም ሳይሆን ይህ ነበር፣ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አልነበረም።

መታመን ብቻውን ግን አያድንም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2013 በአሪዞና በያርኔል ሂል የሞቱት 19 የግራናይት ማውንቴን ሆትሾቶች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁና የሚተማመኑ ነበሩ። ከተቃጠለው፣ እሳት ከማይመለስበት መሬት ላይ ተነሥተው ወደ አንድ የእርሻ ቤት ሲያመሩ እሳቱ ደረሰባቸው። ለምን እንደተነሡ የነገረ ሰው የለም፤ የተረፈው አንዱ እሳቱን ከሩቅ የሚቃኘው የቡድኑ ጠባቂ ሲሆን በዚያ ሰዓት አብሯቸው አልነበረም። በእነዚህ ሰዎች ላይ ለመፍረድ የሚደፍር ካለ ቸኩሏል። ሆኖም መተማመን በበረታበት ቦታ «ቆይ እስቲ» የሚል ድምፅም አብሮ ሊኖር እንደሚገባ ከዚህ በላይ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ስለ መታዘዝ ወሰን የሃይማኖት መጻሕፍት እሳትን ምሳሌ ማድረጋቸው ይደንቃል። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች በተዘገበው ታሪክ ነቢዩ ሙሐመድ በአንድ ዘመቻ ላይ አዛዥ ሾመው ሰዎቹ እንዲታዘዙት አደረጉ። አዛዡ በመንገድ ላይ ተቆጣና እንጨት አስለቅሞ እሳት አስነድዶ ግቡበት አላቸው። ሰዎቹ አመነቱ፤ ወደ ነቢዩ የሸሹት ከእሳት ለመዳን እንደነበር ተነጋገሩና ሳይገቡ ቀሩ። ነገሩ ሲሰማ ነቢዩ ቢገቡ ኖሮ ከዚያ አይወጡም ነበር አሉ፤ መታዘዝም በመልካም ነገር ብቻ መሆኑን ገለጹ። በመጽሐፈ ዳንኤል ደግሞ ሠለስቱ ደቂቅ የንጉሡን ትእዛዝ እምቢ ብለው ወደ እቶኑ ተጥለዋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ የሚጓዘው ምእመን ታሪኩን ያውቀዋል። ሁለቱም እምቢታን ያከብራሉ። ለእሳት ተከላካዩ ግን የቀረበው የመጀመሪያው ነው፤ መልአክ ይወርዳል ብሎ የሌላውን ልጅ ወደ እሳት መላክ ለማንም መሪ አልተፈቀደለትም።

የሙያው ሕግም ወደዚህ የደረሰው በብዙ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አሥሩ የእሳት ተከላካይ ትእዛዛት ወጡ፤ ከእነርሱ አንዱ ትእዛዝ በግልጽ እንዲሰጥና ሰሚው መረዳቱ እንዲረጋገጥ ያዛል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ትእዛዝን የሁለት ሰው ሥራ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1994 በኮሎራዶ፣ በስቶርም ኪንግ ተራራ 14 ሰዎች ሞቱ፤ 9ኙ ከኦሪገን የመጡ ሆትሾቶች ነበሩ። በዚያ ቀን ዕቅዱን የተጠራጠሩ ሰዎች እንደነበሩ ከምርመራው ታውቋል፤ ሥራው ግን ቀጠለ። ዛሬ እያንዳንዱ እሳት ተከላካይ በኪሱ በሚይዘው መመሪያ ውስጥ አደገኛ ሥራን እምቢ የማለት ሥርዓት ተጽፏል። እምቢ ያለው ምክንያቱን ለአለቃው ይናገራል፤ ከተቻለ ሌላ መንገድ ያቀርባል። ሥራው ለሌላ ቡድን ከተሰጠ ደግሞ ያ ቡድን ሥራው አስቀድሞ እምቢ እንደተባለና ለምን እንደተባለ ሊነገረው ግድ ነው። ይህ አንቀጽ ከሁሉም ይበልጣል፤ እምቢታ ራስን ብቻ ማዳኛ ሆኖ እንዳይቀር ያደርጋልና።

በዮሐንስ ወንጌል መልካም እረኛ ነፍሱን ስለ በጎቹ ያኖራል፤ ሞያተኛው ተኩላ ሲመጣ በጎቹን ትቶ ይሸሻል። ወቅታዊ እሳት ተከላካይ በቃሉ ትርጉም ሞያተኛ ነው፤ በሰዓት ተከፍሎት ይሠራል። እሳትም ከተኩላ ይለያል፤ አንድን እረኛ በልቶ አይጠግብም። እዚህ መሪው ቢሞት ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከበጎቹ ጋር ነው። ስለዚህ ከጓድ መሪ የሚፈለገው ፍቅር የሚገለጸው በመሞት ሳይሆን በጊዜ በመሸሽ፣ ሁሉንም ይዞ በመሸሽ ነው። ጀግንነትን ከመሞት ጋር አንድ አድርጎ ላደገ ወጣት ይህን ማስተማር ከባድ ነው፤ ዛፍም ሆነ ቤት የሰው ነፍስ ዋጋ እንደማያወጣ ግን ሳይታክቱ ሊነግሩት ይገባል።

ለዚህ ሥራ ከእረኛው የሚቀርበው የሕዝቅኤል ጕበኛ ነው። ጕበኛው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ካልነፋ የሞተው ሰው ደም ከእጁ ይፈለጋል። እሳት ተከላካዩ ፖል ግሊሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ባቀረበው የደኅንነት ሥርዓት መጀመሪያ የተቀመጠው ጠባቂ ነው፤ መገናኛ፣ ማምለጫ መንገድና መጠለያ ቦታ ይከተላሉ። ጠባቂው ከፍ ካለ ቋጥኝ ላይ ሆኖ ሁለት ቴርሞሜትሮች የታሠሩበትን መሣሪያ ያሽከረክራል፤ የአንደኛው ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሏል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ አየሩ ደርቋል ማለት ነው። ቁጥሩን በሬዲዮ ይናገራል። ከታች የሚቆፍሩት እሳቱን አያዩትም፤ የሚያምኑት ያንን ድምፅ ነው።

መሪው መለከቱን ነፍቶም ሊጠየቅ ይችላል። ከማን ገልች በኋላ ከሟቾቹ የአንዱ አባት ወጣቶቹን የፈጃቸው ዶጅ የለኮሰው እሳት ነው ብሎ ከስሷል። መርማሪዎቹ አልተቀበሉትም፤ የአባትን ሐዘን የሚሽር ፍርድ ግን የለም። ዶጅ ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ በሕመም ሞተ።

ማን ገልች ላይ ዛሬ 13፣ ስቶርም ኪንግ ላይ 14 ምልክቶች ሰዎቹ በወደቁበት ቦታ ቆመዋል። እሳት ተከላካዮች ለትምህርት ወደ እነዚህ ተዳፋቶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱን ውሳኔ በተወሰነበት ቦታ ላይ ቆመው ይመረምራሉ። ዶጅ ክብሪቱን የጫረበት አካባቢ ሲደርሱ፣ ሰዎቹ ያዩትን ብቻ አይታችሁ ቢሆን ትገቡ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ለጓድ መሪዎች ሌላም ይከተላል፤ እናንተ ብትጠሩስ የእናንተ ሰዎች ይገቡ ነበር ወይ? ይህኛውን ሊመልሱት የሚችሉት አብረው ዳገቱን የወጡት የጓዱ ልጆች ናቸው።