የተከረከመ ሐይቅ

“ያላዩት አገር አይናፍቅም” የሚለው ተረታችን ጡረታ ከወጣ ሰነባበተ። ዛሬ ሰው እግሩ ያልረገጠውን ሐይቅ ይናፍቃል፤ ፎቶውን አይቶታላ! የግድግዳው ካላንደር፣ የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ፣ የእያንዳንዳችን ስልክ ጀምበር በምትጠልቅበት ሐይቅ ተሞልቷል። ብርቱካንማ ሰማይ፣ ወርቅ የመሰለ ውሃ፣ መሐል ላይ አንዲት ጥቁር ጀልባ። እንዲህ ያለ ፎቶ ደግሞ እንዲሁ እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ከግራም ከቀኝም ትንሽ ይከረከማል፣ ቀለሙ ደመቅ ይደረጋል፣ የማያምረው ነገር ይጠፋል። በዘመኑ ቋንቋ “ኤዲት” ይደረጋል።

ለመሆኑ ይሄ ውሸት ነው? “ኧረ ባክህ አታካብድ፣ ጀምበር ናት እኮ!” የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ በጀምበር ላይ በሐሰት መሰከርክ ተብሎ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው የለም። ግን ትልልቁን ነገር የምናየውም በትንሹ ነገር ላይ በለመደው ዓይናችን ነውና ጥያቄውን ችላ ማለቱ አይሆንልኝም።

በመጀመሪያ ፎቶ ለሚያሳምረው ሰው ልሟገትለት። ካሜራ ዓይን አይደለም። ዓይናችን የሚያበራውን ሰማይና የጨለመውን ዳርቻ አቻችሎ ያያል። ካሜራ ግን ሰማዩን ሲያድን ዳርቻው ጥላሸት ይሆንበታል፣ ዳርቻውን ሲያድን ሰማዩ ይነጣበታል። ቀለሙም ላይ እንደዚያው ነው። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ብርሃኗ ረጅም የአየር መንገድ ስለሚያቋርጥ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ይቀርና ቀዩና ብርቱካንማው ይደርሰናል። ቀለም በራሱ ጊዜ የሚያስተካክል ካሜራ ደግሞ ያንን ቅላት እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሊያደበዝዘው ይችላል። እንግዲህ “ምንም ያልተነካ” የምንለው ፎቶ ካሜራው ራሱ የነካካው ነው ማለት ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ የጠፋውን ቅላት የሚመልስ ሰው ከውሸት ይልቅ ለእውነት ሊቀርብ ይችላል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የባሕር ፎቶ ሲያነሳ ይኸው ችግር ገጥሞታል፤ ውሃው ሲወጣለት ሰማዩ ባዶ ወረቀት ይሆንበታል። መላ መታ። ለአንዳንዶቹ ፎቶዎቹ ባሕሩን ከአንድ ነጋቲቭ፣ ደመናውን ከሌላ ነጋቲቭ ወስዶ በአንድ ወረቀት ላይ አጋባቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበውና ዛሬ ስሙ ግስ እስኪሆን የለመድነው ፎቶሾፕም ከውሃ ዳር አልራቀም። ከፈጠሩት ወንድማማቾች አንዱ ጆን ኖል ፕሮግራሙን ሲያስተዋውቅ ይዞት የዞረው ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ቦራ ቦራ ደሴት ላይ ያነሳው ነው፤ በኋላ ሚስቱ የሆነችው ሴት ባሕር ዳር ተቀምጣ ይታያል።

እኛስ ብንሆን? የድሮ ፎቶ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ በቀለም የተሳለ ሐይቅ ነበር። ውሃ ዳር ቆመው የማያውቁ እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው በዚያ ሐይቅ ፊት ተነስተዋል። ማንም ግን አልተታለለም። አንሺውም፣ ተነሺዋም፣ ፎቶውን በፖስታ የሚቀበለው ልጅም ሐይቁ ቀለም መሆኑን ያውቃሉ። ሁሉም ያወቀው ማስመሰል ጨዋታ ነው እንጂ ማታለል አይባልም።

ስለዚህ ከቀለሙ ጋር ጠብ የለኝም። እኔን የሚያስጨንቀኝ መቀሱ ነው።

ሐዋሳ ከሐይቋ በስተምሥራቅ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለሚንሸራሸር ሰው ጀምበር ከፊቱ፣ ከውሃው ማዶ ትጠልቅለታለች። እዚያ እንግዶችን ፎቶ እያነሳ የሚተዳደር አንድ ወጣት አንድ ቀን ሥራውን አሳየኝ። መጀመሪያ ያነሳውን፣ ከዚያ ያሳመረውን። በመጀመሪያው ላይ በስተግራ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ፤ አጠገባቸው ልብስ የሚያጥቡ ሁለት ልጆች፤ ከበታቻቸው ማዕበሉ የሰበሰበው የላስቲክ ጠርሙስ፤ ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ጡረተኛ ዳኛ የተኮሳተረ አባ ኮዳ። በሁለተኛው ላይ ሰማይና ውሃ ብቻ።

“ምነው ሰዎቹን አወጣሃቸው?” አልኩት።

“ጋሼ፣ ሰው የሚገዛው ሐይቁን ነው” አለኝ ሳቅ ብሎ። “እሳቸው ካሉበት ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል?”

ሽማግሌው ከአጠገባችን ነበሩና ስልኩን ተቀብዬ ያማረውን ፎቶ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩትና፣ “ያምራል። የት ነው ልጄ?” አሉኝ። ቆመው የነበሩት እዚያው ነበር።

ልጁን አልፈርድበትም። እንጀራው ነው። ደግሞም ማንኛውም ፎቶ መቁረጥ ነው፤ ዓለምን ሁሉ የሚይዝ አራት ማዕዘን አልተሠራም። የዜና ሰዎች እንኳ በዚህ ላይ ያላቸው ሕግ የሚያወላዳ አይደለም። አሶሽየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአንድ ፎቶ አንሺው ጋር የነበረውን ሥራ አቋረጠ። ጥፋቱ በሶሪያ ጦርነት ካነሳው ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባውን ቪዲዮ ካሜራ በኮምፒውተር ማጥፋቱ ነበር። ያንኑ ጥግ ከርክሞት ቢሆን ኖሮ ምናልባት የሚጠይቀው አልነበረም፤ መከርከም በሙያው የተፈቀደ ነውና። እንግዲህ ሕጉ ማጥፋትን ከመከርከም ይለያል። የጠፋው ነገር ግን በሁለቱም መንገድ ያው ጠፍቷል። ሕግ እዚህ ላይ ካቆመ የቀረው የሕሊና ሥራ ነው።

ሕሊናዬ የሚለኝ ይህን ነው፦ አንድ ፎቶ ዓሣ አጥማጁን ቢያስቀር ምርጫ ነው። ሺህ ፎቶ ሁሉ እሱኑ ሲያስቀር ግን ምስክርነት ይሆናል። “እዚህ ቦታ ሰው የለም” የሚል ምስክርነት።

ምስክርነቱን የሚያምን ሰውም አለ። አሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመዴ ሳሎኑ ውስጥ የሐዋሳን ጀምበር በትልቁ አሳትሞ ሰቅሏል። ከዓመታት በኋላ አገሩ ሲገባ አብረን ሄድን። ሐይቁ ዳር እንደደረስን ፊቱ ቅጭም አለ። “ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ቦታውን አበላሹት እኮ!” አለኝ። የዓሣ ሽታው፣ የሚጮኹት ልጆች፣ የተዘረጋው መረብ፣ ሁሉም አዲስ መጤ መሰለው። ሰዎቹ ግን የትም አልሄዱም፣ ከየትም አልመጡም። እሱ አሥር ዓመት ሲያየው በኖረው ፎቶ ላይ አልነበሩም፣ በቃ። ዘመዴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሰው የሚያዝን ነው። ዓይኑ ግን ባለቤቶቹን እንደ ቆሻሻ እንዲያይ ተለማምዶ ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን በአንድ መንገደኛ ፊት ላይ ሲያርፍ ሰውየውን ቅጭም ያሰኘዋል። ቦታን በሚያለማና በሚያስውብ ባለሥልጣን ፊት ላይ ካረፈ ግን በፎቶ የተጀመረው ክርከማ በአጥርና በዶዘር ሊያልቅ ይችላል።

ከሁሉም የሚያስቀው ደግሞ፣ ያቺ ሁሉም የሚወዳት ጥቁር ጀልባ የማን ናት? ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ወደ ማታ ጥለው ያድሩና ጠዋት ያወጣሉ። ጀምበሯ ስትጠልቅ ወርቁን ውሃ ሰንጥቃ የምትሄደው ጀልባ ሥራ ላይ ናት። ቆሮሶና አምባዛ ፍለጋ ነው የወጣችው። ሰውየው ሩቅ ሆኖ ፊቱ ሳይለይ ውበት ይባላል፤ ቀርቦ መረቡን ሲጠግን ፎቶ ያበላሻል።

የላስቲክ ጠርሙሱስ? እሱንም መከርከም ቀላል ነው። ሐይቁ ግን መቀስ የለውም። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጎርፍ ያወረደው ላስቲክ በወንዝ ተገፍቶ የሚሄድበት አገር የለም። እኛ ከፎቶው ስናወጣው እሱ ከሐይቁ አልወጣም። እንዲያውም እያማረ በሄደ ቁጥር “ሐይቁ እኮ ንጹሕ ነው” ብለን እንድንተኛ ያደርገናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፎቶ አይከርከም ልል አልችልም፤ ቆሻሻ ብቻ ይነሳም አልልም። ድህነትን እየመረጡ ማንሳትም ሌላ መከርከም ነው፤ ሰውየውን አስቀርቶ ጀምበሩን ይነጥቀዋል። ጀምበሩ እኮ የእሱም ነው። እኔ ለራሴ የያዝኩት መለኪያ አንድ ነው፦ ከፎቶው ላስወጣው ላሰብኩት ሰው ፎቶውን በእጁ ሰጥቼ፣ ዓይኑን እያየሁ “ይኸው ሰፈርህ” ልለው እችላለሁ? ከቻልኩ እከረክማለሁ። ምላሴ ከተያዘ ግን መቀሱን አስቀምጬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ልበል፤ ሰውየውም ጀምበሯም አንድ ላይ የሚገቡበት ቦታ አይጠፋም።