የደም ሐቅና የችሎት ቀጠሮ

አልሐምዱ ሊላህ። ነፍስን ለፈጠረ፣ ለነፍስም ክብር ለሰጠ፣ የተበዳይን ጩኸት ያለ መጋረጃ ለሚሰማ ጌታ ምስጋና ይገባው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። አማ ባዕድ።

የአላህ ባሮች ሆይ፣ የሞጣና የቢቸና ጀማዓ ሆይ፣ ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከባድ ነው። ልጆቻችሁን ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ እንደምትሰሙኝ ስለማውቅ ዝርዝሩን አልናገርም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ዋና ከተማ በባሕር ዳር አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ክብሯ ተደፍሮ ተገደለች። ስሟ ሔቨን ነው። ጥፋተኛ የተባለው ለቤተሰቧ ቤት ያከራየ ሰው ነው። ስሙን በዚህ ሚንበር ላይ አላነሳም፤ መዝገቡ ላይ አለ፣ ይበቃዋል። ፍርድ ቤት በ25 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ወሰነበት። አገር ጉዳዩን የሰማው ግን ከዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016 ነው። እናቲቱ ለመገናኛ ብዙኃን ወጥታ ስትናገርና ፍርደኛው ይግባኝ ማለቱ ሲሰማ አገር በአንድ ድምፅ ጮኸ። ፍትሕ ለሔቨን ብሎ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በበይነ መረብ ፈረመ። እናትየው ልጇን ከቀበረች በኋላ መኖሪያዋን ለመቀየር እንደተገደደች ስትናገር የሰማ ሰው ሁሉ አንጀቱ ተላውሷል።

አስተውሉ። አገር ሳይሰማ ባለፈው በዚያ ዓመት ውስጥ ክስ ተመሥርቷል፣ ምስክር ተሰምቷል፣ ፍርድም ተሰጥቷል። እኛ የደረስነው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የተገደለ ሰው እኛ ላይ ሐቅ አለው፤ ሐቁም በቀብር ቀን አያልቅም። ጉዳዩ ችሎት ላይ እስካለ ድረስ የሟች ሐቅ በእኛ እግር፣ በእኛ ምላስና በእኛ ጊዜ ላይ አለ።

ጌታችን በሱረቱ ተክዊር ስለ ቂያማ ቀን ሲነግረን፣ ፀሐይ ስትጠቀለል፣ ከዋክብት ሲረግፉ፣ ተራሮች ሲነዱ፣ በዚያ ሁሉ መናወጥ መካከል አንዲት በሕይወቷ የተቀበረች ሴት ልጅ በምን ወንጀል እንደተገደለች ትጠየቃለች። ሱብሐነላህ! ሰማይና ምድር ሲገለባበጡ ያቺ ትንሽ ልጅ አልተረሳችም። ከገዳዩም በፊት እርሷ እንድትናገር ቃል ተሰጣት። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ቀን በሰዎች መካከል መጀመሪያ ፍርድ የሚሰጥበት ጉዳይ የደም ጉዳይ እንደሆነ አስተምረውናል። በአኺራ ሟች ራሱ ይናገራል። በዱንያ ችሎት ግን ሟች አይናገርም። አፉ ያየው ሰው ነው፣ የሰማው ጎረቤት ነው፣ ቀጠሮ ቆጥሮ የሚመጣው ዘመድ ነው።

ከእነሴ ገጠር ሌሊት ተነስቶ ሞጣ የሚደርስ፣ ከእነማይ ቀበሌ በእግሩ ቢቸና የሚገባ የሟች አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ። መጥሪያውንና የልጁን ፎቶ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጉያው ውስጥ ከትቶ ከችሎቱ ደጅ ይቆማል። ፖሊሱ ስም ይጠራል፤ ምስክር አልቀረበም ይባላል፤ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። አባትየው የመጣበትን መንገድ ይመለሳል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የተከሳሽ ዘመድ አዝማድ አግዳሚውን ሞልቶ ተቀምጧል፤ በሟች በኩል ያው አንድ ሰው ነው። ከዚያ የአስከሬን ምርመራው ውጤት ይነበባል። የልጁ ቁስል በሴንቲሜትር ተለክቶ፣ በየት በኩል ገብቶ በየት እንደወጣ ተዘርዝሮ፣ አባት ቁጭ ብሎ ይሰማል። ያን ጊዜ ትከሻውን የሚይዝ አንድ ጎረቤት እንኳ ከጎኑ ከሌለ፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተደረደረው ሕዝብ የት ሄደ?

ይህ ሁሉ በሰላሙ ጊዜም ከባድ ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ እናንተ ታውቃላችሁ። መንገድ ሲዘጋ ምስክር ይቀራል፤ ምስክር ሲቀር መዝገብ ይቆያል፤ መዝገብ ሲቆይ የሰው ልብ ወደ ጠመንጃ ይሄዳል።

በሔቨን ጉዳይ ሰዉ ለአንዲት ነፍስ 25 ዓመት ብቻ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። እኔም ስሰማ ደረቴ ተቃጥሏል። ቢሆንም ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ አለብን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በዓመት ለሚቆጠር ጽኑ እስራት ጣሪያው 25 ዓመት ነው። ከባድ የሰው ግድያን የሚመለከተው አንቀጽ 539 የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ያዛል። ተራ የሰው ግድያ በሚባለው በአንቀጽ 540 ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። በእነዚህ አንቀጾች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። አንድ ጉዳይ ወደ የትኛው አንቀጽ እንደሚሄድ የሚወስነው ማስረጃ ነው፤ የገጠር ግድያ ማስረጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው አፍ ነው የሚወጣው። አስቀድሞ መዛቱን የሰማ፣ አድብቶ መቀመጡን ያየ ሰው ቤቱ ከቀረ ዳኛው ከየት ያመጣዋል? ከፍርድ በኋላ ያለው ጩኸት መልካም ነው፤ ከፍርድ በፊት ያለው ምስክርነት ግን ግዴታ ነው። በሱረቱል በቀራ መጨረሻ አካባቢ አላህ ምስክርነትን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ እንደሆነ ነግሮናል። ምላሱ አላለም፣ ልቡ አለ። በአገራችንም አባቶቻችን ወንጀል ሲፈጸም አውጫጭኝ ተቀምጠው፣ ከቀበሌው ሰው አንድም ሳይቀር ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ያስገድዱ ነበር። ያ ሥርዓት የራሱ ጉድለት ነበረው፤ ዝምታ ነውር መሆኑን ግን ያውቅ ነበር።

እፈራለሁ የሚል ወንድም ይኖራል። ፍርሃቱ ሐሰት አይደለም፤ በዚህ አገር ለመሰከረ ሰው ደም የሚቋጥር ቤተሰብ አለ። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው ለዚህ ነው። ለዐቃቤ ሕግ ስጋትህን ተናገር፣ ጥበቃ ጠይቅ። ጀማዓውም ምስክሩን ብቻውን አይልከው። አምስት ሆናችሁ ሂዱ፣ አስር ሆናችሁ ተመለሱ።

ሐሰተኛ ምስክርነትን በተመለከተ ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትላልቅ ወንጀሎችን ሲቆጥሩ ተደግፈው ነበር፤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ተቀመጡና ደጋገሙት። ሰሓቦች በዝምታ ባረፉ ኖሮ ብለው እስኪመኙ ድረስ ደጋገሙት። ለሟች አዝነህ ያላየኸውን አየሁ ካልክ ሟችን አልረዳኸውም፤ በሐቁ ላይ ሌላ ደም ጨመርክበት።

ይህን ብዬ ለራሴም ለእናንተም የአላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት፤ እርሱ መሐሪ አዛኝ ነው።

ሁለተኛው ኹጥባ

አልሐምዱ ሊላህ፣ ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

ጀማዓ ሆይ፣ የሔቨን ሃይማኖት ምንድን ነው ብሎ በልቡ የጠየቀ ካለ ይህን ይስማ። በመዲና ጀናዛ ሲያልፍ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተነሥተው ቆሙ። የአይሁዳዊ ጀናዛ ነው ሲሏቸው፣ ነፍስ አይደለምን ብለው መለሱ። ሌላም አለ። ከመዲና ሰዎች አንዱ የጦር ልብስ ሰርቆ በአንድ አይሁዳዊ ላይ አላከከ። ዘመዶቹም የእኛ ሰው ነው ብለው ሊከራከሩለት መጡ። የሱረቱ ኒሳእ አንቀጾች ወርደው አይሁዳዊውን ነጻ አወጡ፤ ለከዳተኞች ጠበቃ መሆንንም ከለከሉ። ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም የሰፈራችሁ ሰው ገድሎ ከሆነ አትደብቁት። ስንቅ አታቀብሉት፣ ጫካ አታሻግሩት። እጁን እንዲሰጥ ምከሩት፤ ዝምድና የሚጠቅመው ይህን ያህል ነው።

ተከሳሽም ሐቅ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር፣ በግልጽ ችሎት የመዳኘት፣ በጠበቃ የመወከል መብት ሰጥቶታል። እኛ ሐበሾች ይህን ከነጃሺ ልንማር ይገባን ነበር። የመካ መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው መጥተው ወደ አገሩ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ስጠን ባሉት ጊዜ፣ ሳልሰማቸው አሳልፌ አልሰጥም ብሎ ከስደተኞቹ መካከል ጃዕፈርን በችሎቱ አቆመው። ሰማው፣ አመዛዘነ፣ ስጦታቸውንም መለሰላቸው። ነብያችን ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ብለው የመሰከሩለት ሰው ይህ ነው። ስለዚህ በአሉባልታ ተነሥቶ የሰው ቤት የሚያቃጥል፣ ያልተፈረደበትን ሰው መንገድ ላይ የሚወግር ሁሉ ለሟች የቆመ አይምሰለው።

ስለ ደም መመለስም እናገራለሁ። በጎጃም ምድር ስንት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ወጣት ያላየውን አያቱን ደም ሊመልስ ሸፍቶ እንደቀረ የማያውቅ የለም። በሱረቱል ኢስራእ ያለ ሐቅ ለተገደለ ሰው ወራሽ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ወዲያው ግን በመግደል ወሰን እንዳያልፍ ታዟል። ያ ሥልጣን ዛሬ በችሎት በኩል ነው የሚፈጸመው። በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻን፣ የፍቺንና የውርስን ጉዳይ ያያሉ፤ የደም ጉዳይ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ነብያችንም በስንብቱ ሐጅ የጃሂልያን ደም ሁሉ ሲሽሩ ከሌላ ሰው አልጀመሩም፤ መጀመሪያ የሻሩት የራሳቸውን ዘመድ የኢብኑ ረቢዓን ደም ነው።

ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ ደም ለማድረቅ መሄዳችሁ የተባረከ ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበላችሁ። ነገር ግን ይቅርታ የሟች ቤተሰብ ሐቅ ነው። ገና ሐዘኗ ያልበረደላትን እናት ስለ አላህ ብለሽ ተይው እያላችሁ አታስጨንቋት። የአላህ ስም ሐቅን ለመቅበር አልተሰጠንም። ደግሞም የግድያ ክስ የመንግሥት ክስ ነው፤ እርቅ ክሱን አያቋርጠውም፣ በቅጣት ጊዜ ማቅለያ ሆኖ ሊቀርብ ይችል እንደሆነ ነው እንጂ። እናቲቱን የማታውቀውን ወረቀት አታስፈርሟት።

የሞጣ ሰዎች ሆይ፣ ፍትሕ መጠበቅ ምን እንደሆነ እናንተን አላስተምርም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ጁምዓ ነበር። በዚያ ቀን በዚህች ከተማ አራት መስጂዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተቃጠሉ። በአገሪቱ ዙሪያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከልቡ አዝኖ ለመልሶ ግንባታው አዋጥቷል። ያን ጊዜ የጠየቅነው አጥፊዎቹ በስማቸው ተለይተው ለፍርድ እንዲቀርቡ ነበር። ለራሳችን የጠየቅነውን ለሌላው ስንነፍግ አላህ እንዳያየን።

ሔቨንን ስታስታውሱ በሞቷ ብቻ አታስታውሷት። 7 ዓመት የኖረች፣ በእናቷ እጅ ያደገች ልጅ ነበረች። በየሰፈራችሁም እንዲሁ የተገደሉ አሉ። ስማቸውን ጥሩ። ለልጆቻቸው ደብተር ግዙላቸው፣ ማሳቸውን እረሱላቸው፣ በዒድ ቀን ቤታቸውን አትዝለሉ። የቀጠሮ ቀናቸውን ጠይቃችሁ ያዙ፤ በዚያ ቀን ከመካከላችሁ ሁለት ሰው የጉዞውን ወጪ ችሎ አብሯቸው ይሂድ። ያየ ይመስክር።

አላህ ሆይ፣ በግፍ የተገደሉትን ሁሉ በእዝነትህ ተቀበላቸው። የእናቶችን ልብ ጠግን። ዳኞቻችንን ሐቅን አሳያቸው፣ ከጉቦና ከፍርሃት ጠብቃቸው። የመሰከረውን ከክፉ ሰው እጅ አድነው። መንገዳችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

የአላህ ባሮች ሆይ፣ ከሶላት በኋላ ከመውጣታችሁ በፊት፣ በዚህ ሳምንት የችሎት ቀጠሮ ያለው የሟች ቤተሰብ ካለ በበሩ አጠገብ ይቆይልን፤ አብረውት የሚሄዱትን ሁለት ሰዎች እዚያው እንመርጣለን። ሶላት አቁሙ።